«ባዎ»፦ እናትየዋ ልጇን የዋጠችበት ትዕይንት ለእናንተ ምን ይላል?

የቄራው ልጅ (ክሩን የጀመረ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከትናንት በስቲያ ማታ ከእናቴ ጋር ተቀምጠን አንድ አጭር ፊልም አየን። ርዝመቱ ስምንት ደቂቃ ገደማ ነው። ለእኔ ሦስተኛ ጊዜዬ ነበር፤ ለእናቴ የመጀመሪያዋ። ያን ማታ ያለችኝ አንድ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ወደ እናንተ አመጣሁት።

ፊልሙ «ባዎ» ይባላል። የአሜሪካው የአኒሜሽን ስቱዲዮ ፒክሳር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሲሆን፣ ጽፋ ያዘጋጀችው ዶሚ ሺ ናት። በ2019 በአጭር አኒሜሽን ዘርፍ ኦስካር አግኝቷል። ባዎ በእንፋሎት የሚበስል፣ ውስጡ ሥጋና አትክልት የተሞላ የቻይና ዳቦ ነው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለምናገር፣ አስቀድማችሁ ማየት የምትፈልጉ እዚህ ላይ አቁሙና አይታችሁት ተመለሱ።

ቶሮንቶ የምትኖር አንዲት ቻይናዊት እናት ሊጥ ታሻለች፣ በቁራጭ በቁራጭ ትዳምጣለች፣ መሙያውን ትጨምርና ጠርዙን እየቆነጠረች ትዘጋለች። ባሏ ቶሎ ቶሎ ጎራርሶ ወደ ሥራው ይሮጣል። ብቻዋን ትቀራለች። የመጨረሻውን ልትጎርስ ስትል ድቡልቡሉ ዳቦ እንደ አራስ ልጅ እሪ ይላል፤ እጅና እግርም ያወጣል። ታሳድገዋለች። ገበያ ይዛው ትወጣለች፤ አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጣፋጭ ዳቦ ይካፈላሉ፤ መናፈሻ ውስጥ ታይ ቺ የተባለውን ዝግ ያለ የቻይና የሰውነት እንቅስቃሴ ስትሠራ አብሯት ነው። ከዚያ ልጁ እያደገ ይሄዳል። ኳስ መጫወት ያምረዋል፤ ሰውነቱ ሊጥ ነውና እናት ፈርታ ትከለክለዋለች። ጢም ያበቅላል፣ ጓደኞቹ በመኪና መጥተው ይወስዱታል። ማዕድ ሙሉ ምግብ ሠርታ ብትጠብቀው ትቶላት ይወጣል፤ ያን ሁሉ ምግብ ብቻዋን ትበላዋለች። በመጨረሻ ጸጉረ ወርቃማ እጮኛ ይዞ መጥቶ ሻንጣውን ይሸክፋል። እናት በሩ ላይ ቆማ አላሳልፍ ትላለች። ይጎትታሉ፣ ይታገላሉ። ድንገት አፏን ከፍታ ልጇን ትውጠዋለች።

ከዚያ ጸጥታ ይሆናል፤ ያደረገችውን ስታውቅ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። ቀጥሎ አልጋዋ ላይ ተኝታ እናያታለን። በሩ ሲከፈት ፊቱ ቁርጥ ያንን ዳቦ የሚመስል እውነተኛ ልጇ ይገባል። ያየነው ሁሉ የእሷ ሕልም፣ የእሷ የልብ ታሪክ ነበር።

አብረውኝ አኒሜሽን የሚማሩት ጓደኞቼ መዋጡን ሲያዩ ጮኸዋል፤ አንደኛው «ይህ ለልጆች የሚታይ ነገር አይደለም» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። እናቴ ግን አልደነገጠችም። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠግታ በቀስታ «ወደ ሆዷ መለሰችው» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም፤ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ ጓደኞቼ ያዩት ጭካኔና እናቴ ያየችው ነገር እንዴት በአንድ ትዕይንት ውስጥ ሊኖሩ ቻሉ?

ሰብለ ከቶሮንቶ

ወንድሜ የቄራው ልጅ፣ ስለ ፊልሙ በአማርኛ የሚያወራ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። እኔ እዚሁ ቶሮንቶ ነው የምኖረው። በእናትየዋ ቤት መስኮት በኩል ሲ ኤን ታወር የሚባለው የከተማችን ረጅም ግንብ ሲታይ እኔም ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ የማየው እሱን ስለሆነ ገና ከመነሻው ተያዝኩ። የቻይናዎቹን ሰፈር በስፓዳይና መንገድ ሳልፍ እነዚያን እናቶች በየዕለቱ አያቸዋለሁ፤ የአትክልት ጋሪያቸውን ይጎትታሉ፣ ጎመኑን አንድ በአንድ እያገላበጡ ይመርጣሉ። የእኛዎቹ ደግሞ በዳንፎርዝ መንገድ ላይ በርበሬና ጤፍ ይዘው አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ያዘጋጀችው ሴት ያን አኳኋን ከሩቅ ሆና አልገመተችውም፤ ኖራበታለች።

እኔን የነካኝ ግን ከመዋጡ በፊት ያለው ዝምታ ነው። ፊልሙ ንግግር የለውም። የመጀመሪያ ቀን ሳየው ይህን የአሠራር ምርጫ ነው ብዬ አለፍኩት። በኋላ ስለ ራሴ ቤት ሳስብ ገባኝ። ልጄ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ አይመልስም። እኔ በአማርኛ እጠይቀዋለሁ፣ እሱ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ጣል አድርጎ ወደ ክፍሉ ይገባል። ስንጣላም እንኳን በሁለት ቋንቋ ነው የምንጣላው፤ እሱ የእኔን ቁጣ ግማሹን፣ እኔ የእሱን ግማሹን ነው የምንሰማው። በመካከላችን ሳይጎድል የሚደርስ ነገር ቢኖር የማቀርብለት ምግብ ነው። ስቆጣው ውዬ ማታ ፍርፍር ሠርቼ በሩ ላይ ሳስቀምጥለት ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። ሳህኑን ባዶውን ሲመልሰው እኔም ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ።

ስለዚህ ያ ማዕድ ሙሉ ምግብ ትቶላት የወጣበት ቦታ ለእኔ ከመዋጡ ይልቅ ይከብዳል። እምቢ ያለው ምግቡን አይደለም። ይቅርታ እየጠየቀችው ነበር።

የማታ አንባቢ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ እንደ ሁለታችሁ አላየሁትም። እናትየዋን ማዘን አዝንላታለሁ፤ ነገር ግን እንባችን ዓይናችንን መጋረድ የለበትም።

ልጁ ምን አጠፋ? ኳስ መጫወት ፈለገ። ጓደኛ ያዘ። አደገ። ሚስት ሊያገባ ነው። ከዚህ ውስጥ ኃጢአት የቱ ነው? እናቱ ግን በየደረጃው መንገዱን ትዘጋለች፤ በመጨረሻም መዝጋት ሲያቅታት ታጠፋዋለች። እኔ ለእናቴ አንድ ልጅ ነኝ። ሰፈር ሜዳ ላይ ኳስ ስጫወት ሹራብ ይዛ መስመሩ ዳር ትቆም ነበር። ወድቄ ጉልበቴ ሲላጥ ከእኔ ቀድማ የምትጮኸው እሷ ነበረች፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሜዳ አልወጣሁም። ዩኒቨርሲቲ ምርጫ ስሞላ ከአዲስ አበባ ርቀው ያሉትን ብቻ አስቀደምኩ። ዛሬ እወዳታለሁ፣ እጦራታለሁ፤ ነገር ግን ያን ጊዜ አየር አጥሮኝ እንደነበር መካድ አልችልም።

እኛ ዘንድ «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ይባላል። ይህን አባባል ስሰማ ሁልጊዜ የማስበው አንድ ነገር አለ፦ የሚናገረው አጉራሹ ነው፤ ጎራሹን ማንም አልጠየቀውም። ይህ ፊልም ለእኔ ታላቅ የሆነው ጎራሹን ስለጠየቀ ነው። የዋጠችውን አጣጥማ አላሸነፈችም፤ አለቀሰች። ያለቀሰችው ልጇ ስለሄደ አይደለም፤ እንዳይሄድ ስትል በገዛ አፏ ስላጠፋችው ነው።

ከሥዕል ጋር የሚውል

ክርክራችሁ ጥሩ ነው፤ ጥቂት የማውቀውን ልጨምር፤ በተለይ ለክሩ ጀማሪ የሚጠቅም ነገር አለ።

ዶሚ ሺ የተወለደችው ቻይና ቾንግቺንግ ነው። በሁለት ዓመቷ ከወላጆቿ ጋር ካናዳ ገባች፤ ያደገችው ቶሮንቶ ነው። እሷም አንድያ ልጅ ናት። ፒክሳር ውስጥ የፊልሙን ታሪክ ትዕይንት በትዕይንት አስቀድማ የምትሥል ባለሙያ ሆና «ኢንሳይድ አውት» በተባለው ፊልም ላይ ስትሠራ፣ ይህን ታሪክ በጎን የግሏ አድርጋ ነበር የጀመረችው። ፒክሳር አጫጭር ፊልሞችን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲሠራ ኖሮ፣ በሴት የተዘጋጀ የመጀመሪያው አጭር ፊልሙ «ባዎ» ነው። ሲኒማ ቤት የታየው በ2018 ከ«ኢንክሬዲብልስ» ሁለተኛ ክፍል በፊት ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ዶሚ ሺ በልዩ ልዩ ቃለ ምልልሶቿ ላይ የታሪኩን ምንጭ ተናግራለች፦ እናቷ ጥብቅ አድርጋ አቅፋት፣ ሁልጊዜ የት እንዳለች እንድታውቅ ወደ ሆዷ መልሳ ብታስገባት እንደምትወድ ትነግራት ነበር። የቄራው ልጅ፣ የእናትህን ቃል ደግመህ አንብበው። ወጥ ቤት ያሉት እናትህ ፊልሙን የፈጠረውን ዓረፍተ ነገር፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ በራሳቸው ቋንቋ አወጡት።

ይህ ለምን እንደሆነ የሚመስለኝን ልንገራችሁ። እኛ ፍቅርን የምናኖረው ሆድ ውስጥ ነው። ስናዝን ሆዳችን ይባባል፤ ምስጢራችንን በሆዳችን እንይዛለን፤ እናት ልጇን «ሆዴ» ብላ ትጠራለች። ስለዚህ አንዲት እናት ልጇን ስትውጥ ለእናትህ የታያቸው አፍና ጥርስ አልነበረም። ልጁ የወጣበት፣ ዘጠኝ ወር ማንም ያልነካበት ቦታ ነው የታያቸው። ፊልሙ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በታየበት ሰሞንም እንዲሁ ነበር፤ ግራ የተጋቡና የሳቁ ተመልካቾች ነበሩ፤ በተለይ ከእስያ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ግን ያለቅሱ ነበር። ያ ልዩነት በኢንተርኔት ላይ ብዙ አነጋግሯል።

ስሙም ራሱ ሰምና ወርቅ ነው። በቻይንኛ «ባዎ» የሚለው ድምፅ አወጣጡ ሲለያይ ትርጉሙ ይለያያል፤ በአንደኛው ዳቦው ነው፣ በሌላው ውድ ነገር፣ ሀብት ማለት ነው። እኛ «ገና» ብለን ስናላላው ያልደረሰ ጊዜ፣ ስናጠብቀው በዓሉ እንደሚሆነው ማለት ነው። ሰሙ ሊጥ፣ ወርቁ ልጅ።

አንድ ነገር ደግሞ ለአኒሜሽን ተማሪው። ሊጡ ሊጥ የሚመስለው በአጋጣሚ አይደለም። ዶሚ ሺ እናቷን ስቱዲዮው ድረስ አምጥታ ባዎ እንዴት እንደሚጠቀለል ለሠራተኞቹ እንዲያሳዩ አድርጋለች። የእጆቹን እንቅስቃሴ ቀስ ብለህ ተመልከተው፤ የአውራ ጣቱ ግፊት፣ ጠርዙ ሲታጠፍ የሚተወው እርከን፣ መዳፉ ዱቄት ሲነካ የሚነጣው ቦታ። የማንም እጅ አይደለም፤ የአንዲት እናት እጅ ነው።

የማታ አንባቢ

ስለ ስሙ ያመጣኸው ማስረጃ ድንቅ ነው፤ አላውቀውም ነበር። ነገር ግን «ወደ ሆድ መመለስ» በቋንቋችን ውስጥ ለስላሳ ስለሆነ ብቻ ለልጁ ለስላሳ አይሆንም። ወደ ሆድ የተመለሰ ልጅ አይተነፍስም።

ከሥዕል ጋር የሚውል

በዚህ እስማማለሁ። ዶሚ ሺም የምታውቀው ይመስለኛል። መዋጡን እንዳታለዝበው ያበረታታት የ«ኢንሳይድ አውት» አዘጋጅ ፒት ዶክተር ነበር፤ ለሰዎች ያስደነግጣል ብላ ለዘብ ያለ አማራጭ አቅርባ ሳለ ወደ መጀመሪያው ሐሳቧ እንድትመለስ ነገራት። ለዝቦ ቢሆን ኖሮ አንተም ሆንህ የቄራው ልጅ እናት የየራሳችሁን ነገር በአንድ ቦታ ላይ አታገኙም ነበር።

የደሴዋ እናት

ልጆቼ፣ የወንድሜ ልጅ ፊልሙን በስልኩ አሳይቶኝ፣ የጻፋችሁትንም አነበበልኝ። የምናገረውን የሚጽፍልኝ እሱ ነው።

እኔ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የመጨረሻው ወንድ ነው፤ አሁን አሜሪካ ነው ያለው፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በየእሑዱ ይደውላል። ሁልጊዜ የምጠይቀው «በላህ ወይ?» ብዬ ነው። እሱ ይስቃል፤ «እማዬ፣ ሌላ ጥያቄ የለሽም?» ይለኛል። ሌላማ ጥያቄ አለኝ። ብቻህን ነህ ወይ፣ ሲያምህ ውኃ የሚያቀብልህ ሰው አለ ወይ፣ ትመጣለህ ወይ ነው ጥያቄዬ። ያን ሁሉ ብጠይቀው ያዝንብኛል ብዬ «በላህ ወይ?» እለዋለሁ።

የማታ አንባቢ የምትባለው ልጄ፣ እውነትህን ነው። እኔም ልጄን ከብዙ ነገር ከልክዬዋለሁ። ወንዝ አትሂድ፣ ዛፍ አትውጣ፣ ከእገሌ ልጅ ጋር አትዋል። ከእሱ በፊት አንድ ልጅ በኩፍኝ ሞቶብኝ ነበር። እሱ ይህን አያውቅም፤ ነግሬውም አላውቅ። በፊልሙ ላይ ያቺ እናት ኳሱን ስትከለክለው እናንተ ግትርነት አያችሁ። እኔ ያየሁት ልጁ ሊጥ መሆኑን ነው። ሊጥ ነዋ! ቢመቱት ይጎደጉዳል። ለእናት ልጅ ሃምሳ ዓመትም ቢሞላው ሊጥ ነው።

የሁለት ልጆች አባት

እናታችን፣ ዕድሜ ይስጥልን። ከእርስዎ በኋላ መጻፍ ይከብዳል። ማንም ያላነሣውን አንድ ሰው ግን ማንሣት እፈልጋለሁ፤ አባትየውን።

በመጀመሪያው ትዕይንት ባልየው ይበላል፣ ቦርሳውን ያነሣል፣ ይሄዳል። ጥቂት ሰከንድ ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ። ዳቦው ነፍስ የዘራው እሱ ከወጣ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ፤ ቤቱ ባዶ ባይሆን ኖሮ ያቺ ሴት ከሊጥ ልጅ መሥራት ባላስፈለጋት ነበር። ልጁን ያፈነው ፍቅር የሁለት ሰው ፍቅር ነበር፤ የአባቱም ድርሻ በእሷ ላይ ተጭኖ ነበር።

በመጨረሻው ግን ይህን የሚያካክስ ነገር አለ። እውነተኛው ልጅ ክፍሏ ሲገባ ጀርባዋን ትሰጠዋለች፤ ሆድና ጀርባ ሆነዋል። ልጁ ተስፋ ቆርጦ ሲወጣ መልሶ እንዲገባ የሚያደርገው አባትየው ነው። ያን ጊዜ ነው ልጁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የዳቦውን ሳጥን የሚከፍተው። እኔ ይህን ካየሁ ወዲህ ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የምጠይቀው ሚስቴን ነው። ትልቁ ልጄ ከእናቱ ጋር ከተኳረፈ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ ነገሩ የሁለቱ ነው ብዬ ዳር ቆሜ ነበር። በዚያው ምሽት ይዤው ገባሁ።

ሰብለ ከቶሮንቶ

ስለ ሳጥኑ አነሣህልን። ያ ዳቦ አውቶቡስ ላይ ሕፃን ሳለ አብረው የሚበሉት፣ ካደገ በኋላ ደግሞ አኩርፎ እምቢ ያላት ዓይነት ነው። ልጁ አይናገርም፤ ቁራሽ ይሰጣታል። ትቀበለዋለች። ጎን ለጎን ተቀምጠው እያለቀሱ ይበላሉ። ሕይወቱን ሙሉ የበላው እሱ ነበር፤ አሁን የሚያበላው እሱ ሆነ። ለማታ አንባቢ የምመልሰው በዚህ ነው፤ ልጁ ከሆዷ የወጣው በዚያች ቁራሽ ነው።

ከዚያ የመጨረሻው ትዕይንት አለ፤ አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ እጮኛዪቱ አንድ ላይ ባዎ ይጠቀልላሉ። ያቺ የፈረንጅ ልጅ አሳምራ ትጠቀልላለች፤ ልጁ ግን አይሆንለትም። እናትየዋ የልጅቷን እጅ እያየች ፊቷ ሲፈታ አያችሁ? ሰው ወሰደብኝ ስትል የነበረችው እናት እጅ አገኘች። ዶሚ ሺ በ2022 ደግሞ ታሪኩ እዚሁ ቶሮንቶ የሚሆነውን «ተርኒንግ ሬድ» የተባለውን ሙሉ ፊልም ሠርታለች፤ የእናትና የሴት ልጅ ነው። ከልጄ ጋር ቀድመን ያየነው እሱን ነበር፤ በጣም ወዶታል። «ባዎ»ን ግን አብሬው ለማየት ፈርቼ ብቻዬን ነው ያየሁት። በዚህ ቅዳሜ አብረን እናየዋለን።

የማታ አንባቢ

የደሴዋ እናቴ፣ የጻፉልንን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ፊልሙ ያለኝ ሐሳብ አልተለወጠም፤ ልጁ መውጣት ነበረበት። ነገር ግን ትናንት ማታ ለእናቴ ደውዬ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል አወራን። የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። ሹራቡን ግን አሁን አውቄዋለሁ።

የቄራው ልጅ (ክሩን የጀመረ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከሥዕል ጋር የሚውል የጻፈውን ለእናቴ አነበብኩላት፤ የዶሚ ሺ እናትም እንዲሁ ብላ እንደነበር ስነግራት አልተገረመችም። «ታዲያ ምን ልትል ኖሯል?» አለችኝ።

የደሴዋ እናት፣ ስለ ሊጡ ያሉትን እሷም ሰምታዋለች፤ ሰላምታዬን አድርስልኝ ብላለች።

ዛሬ ሳምቡሳ ልትሠራ ምስር ቀቅላ ነበር። ካሜራዬን ይዤ እጇን ልቀርጽ ጠየቅኳት፤ ለመጨረሻው ዓመት ሥራዬ የእጆችን እንቅስቃሴ ማጥናት እፈልጋለሁ። እሺ አለች፤ ጥቂት ቀረጽኩ። ከዚያ «አስቀምጠውና እጅህን ታጠብ» አለችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ጠቀለልኩ። የእሷዎቹ ሦስት ማዕዘናቸውን ጠብቀው ወጡ፤ የእኔዎቹ ሁለቱ ዘይት ውስጥ ገብተው ተፈቱ። እነዚያን የተፈቱትን ለብቻ አውጥታ ሳህን ላይ አደረገቻቸውና እሷው በላቻቸው።